የሰው ባቲ ለብሼ የተመለስኩበት ዓርብ

ሀርጌሳ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ዕለት፣ ሻንጣዬን ከአልጋ ስር ጎትቼ አወጣሁና ለባሌ ቅዳሜ ጠዋት በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ እንደምመለስ ነገርኩት። አልተጣላንም። ሰለቸኝ፣ በቃ። እሱ ስልክ መጠገኛው ይውላል፤ እኔ ጋአን ሊባህ ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ቋንቋውን አልችልም፣ የማውቀው ሰው የለም። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ደግሞ ግድግዳ ለማየት አልነበረም።

ባሌ የተወለደው እዚህ፣ ያደገው ድሬ ነው። ሻንጣዬን ትንሽ አየና፣ ነገ ዓርብ ስለሆነ ሱቅ እንደማይከፍት፣ ከተማዋን ዞሮ ሊያሳየኝ እንደሚፈልግ፣ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የምወደው አንድ ነገር ካጣሁ ራሱ መኪና ተራ እንደሚያደርሰኝ ነገረኝ። እሺ አልኩት። አንድ ቀን ምን ይጎዳኛል?

ዕቅድ የሚባል አልነበረንም። አንድ ቁርስ ቤት ላሆህ በጉበት አየንና ገብተን በላን። ላሆህ እንጀራ ልሁን ብሎ ጀምሮ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ቂጣ ነው። ሻዩ በወተትና በሄል የፈላ፣ ስኳሩ ጥርስ የሚያንገጫግጭ። ይጣፍጣል፤ ግን ሻይ ድሬም አለ አልኩት። መሐል ከተማ ሐውልት ላይ የተሰቀለው የጦር አውሮፕላን ስር ፎቶ አነሳኝና ይሄስ ድሬ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፤ ግን ለአውሮፕላን ብዬ አልቀርም አልኩት። ቀጥሎ ወርቅ እንደ ሽንኩርት መንገድ ዳር ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች አየን። ጠባቂ የለ፣ ምን የለ፤ አንዷ እንዲያውም ወርቋን ትታ ከጎረቤቷ ጋር ወሬ ይዛለች። ይሄ ደነቀኝ፤ ግን ለባሌ አልነገርኩትም። እሱ ደግሞ መንገድ ጠፍቶት አንዱን መንደር ሁለት ጊዜ አዞረኝ። ላሳይሽ ያለው ሰውዬ ለካ ከሱቁ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ወተት የሚሸጡ ሴቶች ጥላ ስር አስቀመጠኝና መስጊድ ሄደ። የግመል ወተቱ በጭስ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ነው ያለው። አንዲት አሮጊት በኩባያ ሁለት ጣት ያህል ቀድታ ሰጠችኝ። ትሙላው ብዬ በእጄ አሳየኋት። እሷም በጣቷ፣ ትንሽ፣ ትንሽ አለችኝ። እኔ ለሀበሻ ይሄ ይበቃታል ያለችኝ መሰለኝ። ግትር ነኝ። አስሞላሁት፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ።

የግመል ወተት ለማያውቅ እንግዳ መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ሆዱ እስኪለምድ። ይህን ድሬ ዙሪያ ያለ አርብቶ አደር ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን የከተማ ልጅ ነኝ፤ ወተት የማውቀው በፌስታል ነው።

ባሌ ከሶላት ሲመለስ ስንት እንደጠጣሁ ጠየቀኝ። ሦስት ስለው፣ ወደ ቤት ብንሄድስ አለ። ቃሉን ሊያጥፍ የፈለገ መሰለኝ። ገና መግሪብ አልደረሰም ብዬ ምሳ ቤት አስገባሁት። በመጋረጃ የተከለለ የቤተሰብ ቦታ ውስጥ የግመል ሥጋ በሩዝ፣ ከጎኑ ሙዝ ቀረበልን። ሙዙ ከሩዙ ጋር እየተቆረሰ የሚበላ ነው። እኔ ለኋላ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አስተናጋጁ ሙዝ የረሳብን መስሎት ሌላ አመጣ፤ እሱንም ከተትኩት። ባሌ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ።

ከዚያ ከከተማው ዳር ወዳሉት መንታ ኮረብታዎች በባጃጅ ጉዞ ጀመርን። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ሆዴ ተናገረ። ቁም በለው አልኩት ባሌን። ባጃጁ ሳይቆም ወረድኩና መጀመሪያ ያገኘሁትን ሰማያዊ የብረት በር ደበደብኩ።

የከፈተችው ወፍራም ሴት ናት። ቋንቋዋን አልችልም፤ አላስፈለገኝምም። ፊቴን አይታ እጄን ይዛ በግቢው አሳለፈችኝና የሽንት ቤቱን በር አሳየችኝ።

ዝርዝሩን ልተወው። ሦስት ኩባያ፣ ሦስት ጊዜ። የለበስኩት አባያ እንኳ አልተረፈም። ሴትዮዋ አባያዬን ተቀብላ ውሃና ባቲ የሚሉትን ሰፊ የቤት ቀሚስ በበሩ ክፍተት አቀበለችኝ። ስወጣ አባያዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር፤ እሷና ሁለት ልጆቿ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ቤቱ ውስጥ ወንድ ስላልነበረ ባሌ አልገባም። ከግቢው ግንብ ውጭ ቆሞ በጩኸት ያስተረጉማል።

"ስንት ኩባያ ወተት ነው የጠጣችው ትላለች።"

"አትንገራት።"

ነገራት። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

"እኛም ሦስት አንደፍርም ትላለች። ግመል እንግዳ ትፈትናለች፤ አንቺን ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው ያስፈተነችሽ ትላለች።"

"አስራ ሁለተኛውን አንተ ነህ የጨመርከው።"

"ወላሂ እኔ ነኝ።"

እኔም ሳቅኩ። በአራት ወር ከሴቶች ጋር ቁጭ ብዬ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዝንጅብል ያለበት ጥቁር ሻይ አመጡልኝ። ባዶ እጄን መሆኔ ከበደኝና ከቦርሳዬ ሁለቱን ሙዝ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እንደገና ሳቁ፤ ግን ላጡና በሉት። ትንሿ ልጅ ጠጉሬን ፈትታ ትጎነጉነው ጀመር። ፈቃድም አልጠየቀችኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። አባያው አልደረቀም። ባቲውን ላውልቅ ስል ሴትዮዋ ተቆጣች፤ እርጥቡን ልብስ ፌስታል ውስጥ ከታ ሰጠችኝ። ባሌ ከግንቡ ማዶ፣ ባቲውን ስትመልስ ሻይ ብቻ ነው የምሰጣት አለች አለኝ።

ኮረብታዎቹ ጋ ሳንደርስ ተመለስን። የመግሪብ አዛን ባጃጁ ውስጥ ደረሰብን።  ቤት ገብተን ባሌ ሰግዶ ሲጨርስ ሻንጣው ፊት ቆመ።

"ነገ በስንት ሰዓት ላድርስሽ?"

"የሰው ልብስ ይዤ ድንበር አልሻገርም።"

"እና?"

"ነገ አጥበዋለሁ። እሁድ እመልሳለሁ።"

"ከእሁድ በኋላስ?"

"ኮረብታዎቹን መች አየናቸው፣ አቦ?"

ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ አልጋው ስር መለሰው። ግማሹ ግን ውጭ ቀረ።