ጭስ ነክቶት ነው

ካሜራ በእጄ የነካሁት አናጢ ሳለሁ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ እንጨት ቤት በርና መስኮት እሠራ ነበር። ትዳር ይዣለሁ፤ ጎልማሳ ነኝ። አንድ ጠዋት ጋሼ ፈንታ የሚባሉ ፎቶ አንሺ የተሰባበረ ሳጥን በጆንያ ተሸክመው መጡ። መርከብ ማቆሚያው በር ላይ ነበር የሚሠሩ። ነፋስ ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ገልብጦባቸዋል።

«ይህን የመሰለ ትሠራልኛለህ?» አሉኝ።

«ሳጥን አይደለም እንዴ! ምን ያቅተኛል?»

«ሳጥን መች አልሁህ። ጨለማ ነው የምትሠራልኝ።»

ቀልድ መሰለኝ። ከደረቅ ዋንዛ ሠርቼ ወሰድሁላቸው። በቀትር ፀሐይ ጭንቅላታቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተው፣ ጥቁር ጨርቅ ደርበው ቆሙ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

«ኮከብ አያለሁ፤ መልሰህ ውሰደው» አሉ።

ምስማር የገባበት ቀዳዳ ነው። ደፍኜ መለስሁት። አሁንም ኮከብ አዩ። በሦስተኛው ጊዜ ከጨርቁ ወጡና «አሁን መሽቷል። ነገ ጠዋት ና፤ ከእኔ ጋር ትሠራለህ» አሉኝ። በማግስቱ መጋዜንና መሮዬን ይዤ ሄድሁ። ፎቶ አንሺ የሆንሁት እንዲህ ነው።

ሥራው ይህ ነው። ከፊት ሌንስ አለ፤ ከኋላ እጅህን የምታስገባበት ጥቁር እጅጌ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሳህን ተቀምጧል። አንዱ ሥዕሉን የሚያወጣው መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው የሚያጸናው፣ ፊክሰር የምንለው። ወረቀቱን በዳበሳ ነው የምታጥበው። መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይወጣል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ። እሱን ሌንሱ ፊት አቁመህ ደግመህ ታነሣዋለህ። ያኔ ሰው ይሆናል። ኔጌቲቩን እንጥለው ነበር።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ውኃ ነው። ፊክሰሩ ከወረቀቱ ካልለቀቀ፣ ዓመትም ይቆይ ሁለት ዓመት፣ ሥዕሉን ይበላዋል። የጋሼ ፈንታ ሕግ ሦስት ባልዲ ውኃ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሐይቅ ነበር። ፎቶዎቹን በደንገል ቅርጫት አድርገን፣ ቅርጫቱን ድንጋይ ላይ አስረን ሐይቁ ውስጥ እንተወዋለን። «ጳጳስ ቢመጣ አንድ ሰዓት ነው» ይሉ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላኝ አንድ የመሸንቲ ገበሬ የዛገች ፎቶውን ይዞ መጣ። ጋሼ ፈንታ ቀና እንኳ አላሉም።

«ጭስ ነክቶት ነው። የት ሰቀልኸው?»

«ከምድጃው ራስጌ።»

«እንግዲያስ!»

ሰውየው አፍሮ ሄደ። ቆይቼ ጠየቅኋቸው።

«እውነት ጭስ ነው?»

«የገበያ ቀን ነበር። ሰው በዛብንና አቻኰልነው።»

«ታዲያ ጭስ ለምን አሉት?»

«ጭስ የሌለበት ቤት ታውቃለህ?» አሉኝ።

እኔም ያዝሁት። ሕጉንም ሰበቡንም ከአንድ ሰው ነው የተማርሁ።

ዓይናቸው ሲደክም ጋሼ ፈንታ ሥራውን ትተው ሌንሳቸውን ለእኔ ሰጡኝ። የድሮው ሳጥን ከጉርድ ፎቶ በላይ አይችልም ነበር። ሰው ደግሞ ሙሉ ቁመቱን፣ ከነልጆቹ መነሣት ፈለገ። ስለዚህ ትልቁን ካሜራ ራሴ ሠራሁት። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ምስማር የለበትም፤ በመሮ አጣምሬ በሙጫ ያዝሁት። ወረቀቱ የመጽሐፍ ገጽ ያህላል። ከኋላ ሰውየው የሚታይበትን መስታወት ሰባት ቀን በሐይቅ አሸዋ ፈተግሁት። ለማጠቢያውም መርከብ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ቤቴ ጓሮ ብርሃን የማያስገባ ጠባብ ክፍል ሠራሁ።

ያስቸገረኝ መሐሉ ነው። መሐሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ቆዳ ነው። ብራና የሚፍቁ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ የፍየል ቆዳ አሳሱልኝ ብዬ ለመንሁ።

«ብራና ለዳዊት ነው እንጂ ለፎቶ ማን ሰጠህ?» አሉ።

«ለመጽሐፍ የማይሆን ካለ እሱን።»

ሳቁና ሰጡኝ። ለመጽሐፍ ያልሆነበትን ምክንያት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ጥላሸትና ሙጫ ቀባሁት፤ አጣጠፍሁት፤ አማረ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሙሽራ ነበረች። ፎቶዋ ሲወጣ ፊቷ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ፈሰሰበት።

«ምንድን ነው ይሄ? ፈንጣጣ አስመሰልኸኝ እኮ!»

ቆዳውን ወደ ፀሐይ ዘርግቼ አየሁት። ፍየሏን በሕይወቷ መዥገር ነክሷት ኖሮ ቆዳው ተበሳስቷል። በየቀዳዳው ብርሃን ገብቷል። እኔም እውነቱን ተናገርሁ።

«የመዥገር ቀዳዳ ነው፣ እህቴ።»

«መዥገር!» አለ ሚዜው። «ሙሽሪት፣ መዥገር ነክሶሻል! አማትሽን ጥሯት፣ ትንቀልልሽ!»

ሰርገኛው በሳቅ ወደቀ። ቀዳዳውን አንድ በአንድ ደፍኜ በነጻ ደግሜ አነሣኋት፤ ስሜ ግን መዥገር ሆኖ ቀረ። በሰፈሩ ሳልፍ «መዥገሩ መጣ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለደንበኛ እውነት መናገር ቀረብኝ። ለሁሉም ነገር ጭስ እላለሁ።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ።

ትርንጎ ከቆላ ድባ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች ሴት ናት። ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጇን፣ ብርቄን፣ አዝላ በጠዋት መጣች። ሐኪም ቤት ሰንብተዋል። ወደ ጎርጎራ የሚሻገረው መርከብ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚሄድ፤ ያ ቀን ነበር።

«ቤቷ ይዘሻት ግቢ አሉኝ» አለችኝ። ልጅቱ እንዳትሰማ ዝቅ አድርጋ ነው። «መልኳን አውጣልኝ። ሌላ የለኝም።»

ልጅቱ መቆም አትችልም። እናቷ ከኋላ ተቀምጣ ያዘቻት። ስድስት እስክቆጥር አትነቃነቂ አልኋት። ቆጠርሁ። ትንፋሿን ይዛ ቆየች።

«አልተነቃነቅሁም አይደል?» አለችኝ።

«ድንጋይ ነሽ እንጂ» አልኋት። ሳቀች።

ፎቶው ጥሩ ወጣ። በሕይወቴ ካወጣሁት ሁሉ ደኅናው እሱ ነው። ከፊክሰሩ ሳነሣው መርከቡ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ይሄዳል። መርከበኛው ከላይ «አንቺ ሴትዮ፣ ትቀሪያለሽ!» እያለ ይጣራል።

አንድ ባልዲ ውስጥ ነክሬ አወጣሁት። አንድ ጊዜ። በጋቢዬ ጫፍ አደረቅሁትና ሰጠኋት። አገርሽ ስትገቢ ውኃ ውስጥ አቆዪው ማለት ይገባኝ ነበር። ትዝም ብሎኛል። ነገር ግን ያን ካልኋት ሥራዬ ጎዶሎ ነው ማለቴ ነው። ዝም አልሁ። ልጇን አዝላ፣ እርጥቡን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ሮጠች። መርከቡን ደረሰችበት። ኔጌቲቩን ያኑ ዕለት ጣልሁት።

በአራተኛው ዓመት ጥቁር ለብሳ መጣች። ብርቄ ፎቶውን በተነሣች በዚያው ዓመት ክረምት ሞታለች። ፎቶውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ። ዳርዳሩ ቢጫ ሆኗል። ቢጫው ወደ ልጅቱ ጉንጭ እየሄደ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ።

«ጭስ ነክቶት ነው» አልሁ። «የት ሰቀልሽው?»

«ከማድርበት፤ ከእሳቱ ፊት ለፊት። እሷን እያየሁ ነበር የምሞቅ።»

«እንግዲያስ!»

«ለካ እኔ ነኝ» አለች። መልሳ ቋጠረችውና ሄደች። ደንበኞቹ ከንፈር መጠጡ። ወረቀት አስገብቼ ሥራዬን ቀጠልሁ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ነው። ሥራውን ከተውሁ ቆይቻለሁ። ወረቀቱ ከገበያ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ በስልኩ ያነሣል። ትልቁ ካሜራ ቤቴ ጥግ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንዴ ይመጡና እሱኑ በስልካቸው አንሥተውት ይሄዳሉ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ቆብ የደፉ አሮጊት በምርኩዝ መጡ። አላወቅኋቸውም። «ትርንጎ ነኝ፤ የብርቄ እናት» ሲሉ አወቅሁ። መንኩሰዋል። በመኪና ዞረው ነው የመጡ። እዚያ አገራቸው መናኸሪያ ድረስ የወንድማቸው ልጅ አድርሷቸዋል፤ ማታም እዚያው ይቀበላቸዋል።

በጨርቅ ላይ ጨርቅ ፈትተው ፎቶውን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። የጸጉሯ ጥላ አለ። ሌላው የደረቀ ቅጠል ነው።

«ጭስ ካልኸኝ ጀምሮ እሷ ካለችበት ቤት እሳት አላስገባሁም» አሉ። «ምድጃውን አፈረስሁት። ኩራዝ እንኳ አላበራሁም። የምበላውን ጎረቤት ነው የምታበስልልኝ። ክረምቱንም እንዲሁ ነው። እሷ ግን መሄዷን አልተወችም። የወንድሜ ልጅ በስልኩ አነሣትና ፊት የለም አለኝ። ጭሱስ ቀርቷል። እንግዲህ ኃጢአቴ ነው እንዴ? አንተ ታውቅ እንደሆነ ልጠይቅህ መጣሁ።»

እጃቸውን አየሁት። ብርድ የቆላለፈው እጅ ነው።

አዎ፣ ኃጢአት ነው ብል ያምኑኝ ነበር።

«ጭስ አይደለም፣ እማሆይ» አልሁ። «ኃጢአትም አይደለም። መርከቡ ሲጮህ በደንብ ሳላለቀልቀው ሰጠሁዎት። የበላው መድኃኒቱ ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ስሰጥዎት አውቅ ነበር።»

«ጭስ ነው ስትለኝስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ያን ሁሉ ክረምት» አሉ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀረኝን ነገርኋቸው። የድሮው ወረቀት ቢጫን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያይ። ዓይን የማያየው ቢጫ ካሜራው ፊት ሊጠቁር ይችላል። አራት ወረቀት ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበረኝ፤ መድኃኒቱም ዱቄቱ እንደታሸገ አለ። «ፊቷ ይመጣል አልልም። እሞክራለሁ» አልሁ። «ሞክር» አሉ።

ወናፉን በቀትር ፀሐይ አየሁት፤ ኮከብ የለበትም። ፎቶውን ግድግዳ ላይ አቆምሁ። ሁለቱ ወረቀት እርጅና ገብቶባቸው ጠቁረው ቀሩ። በሦስተኛው ኔጌቲቩ ወጣ። በአራተኛው ፎቶውን አወጣሁ።

ሦስት ባልዲ ውኃ አሳለፍሁት። ከዚያ ቅርጫቱን ይዤ እማሆይን አስከትዬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ድንጋይ ላይ አሰርሁት። ጎንበስ ብለው በውኃው ውስጥ አዩት።

ፊቷ አልመጣም። ሹሩባዋ መጥቷል። የግራ ዓይኗ ጥቁር መጥቷል። ማተቧ መጥቷል፤ ክሩ እስኪቆጠር።

«ማተቧን እኔ ነኝ የፈተልሁት» አሉ እማሆይ።

ጥቂት ቆይተው ፀሐይዋን አዩ።

«በቃ አውጣልኝ። መኪናው ይሄድብኛል።»

«አላወጣም። ሰዓቱ አልሞላም።»

«ልጁ መናኸሪያ ይጠብቀኛል እኮ።»

«ይጠብቅ። አላወጣም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ያኔ ነበር እንዲህ ማለት» አሉ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ውኃውን፣ እኔ ቅርጫቱን እያየን ሰዓቱ ሞላ። አድርቄ ሰጠኋቸው። በጨርቅ ላይ ጨርቅ ቋጠሩት። የዕለቱ መኪና አምልጧቸው ከዘመድ አድረው በማግስቱ ሄዱ። ሲለዩኝ ይማርህ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ኔጌቲቩ እኔ ዘንድ ነው፤ ይህን አልጣልሁትም።

ፎቶ ከፊክሰር ሲወጣ ሦስት ባልዲ ውኃ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሐይቅ ነው። መርከብ ቢጮህም አንድ ሰዓት ነው። ከተበላሸም ያበላሸው ያነሣው ሰው ነው እንጂ ጭስ አይደለም።