ናፍጣ ያለቀበት ፊልም

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም የሥራ ባልደረቦቿን ምሳ ጠርታ ነበር። ሁለቱ እንደሷ ነርሶች ናቸው፤ አንዱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። በልተው ሲጨርሱ በረንዳው ላይ ተቀመጡና ሰሞኑን ስላዩዋቸው ፊልሞች ማውራት ጀመሩ። የዘንድሮ ልጆች ፊልም የሚያዩት በስልካቸው ነው። አንዱ ጀምሮ የተወውን ሌላዋ ትጨርሰዋለች፣ ሦስተኛዋ መጨረሻውን ብቻ ታያለች፤ ፍርድ ላይ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። "ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ታሪኩ ግን ውሃ ነው።" "ኧረ ያበላሸው ሙዚቃው ነው።" እኔ ጓዳ ሆኜ ፓፓዬ እየላጥኩ በአንድ ጆሮዬ እሰማቸዋለሁ። በመካከል አስተማሪው፣ "እኔንማ ገና ከመጀመሩ አስተኛኝ" አለና ሁሉም ሳቁ።

እኔ ግን ቀኝ እግሬ ሳላዝዘው የጓዳውን ሲሚንቶ ጥርቅም አድርጎ ረገጠ። የሌለ ፍሬን ነው የሚፈልገው። ሠላሳ ዓመት አልፎት እንኳ ይህ እግሬ "አስተኛኝ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ያን መንገድ ያስታውሳል። ፊልም ማስተኛቱን እንደ ቀልድ የሚያወሩት ጉም ውስጥ የአርበረከቴን ቁልቁለት ወርደው ስለማያውቁ ነው።

ያኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ መቻራ ጤና ጣቢያ የተመደብኩ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። መቻራ የቡና አገር ናት። ቡናው ሲደርስ ከተማው በጆንያ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ይላቁጥና ማንም አይገባ፣ ማንም አይወጣ። መብራት አልነበረንም። መዝናኛችን አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ ጓሮ ደግሞ የሚያጓራ ጀነሬተር። የሚታየው የሕንድ ፊልም ነው። አንድ ጎረምሳ ፊት ለፊት ይቆምና ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለ ይተረጉምልናል። እሱም ሕንድኛ አያውቅም፤ ማንም ግን ጠይቆት አያውቅም። ሲያለቅሱ ለምን እንደሚያለቅሱ ከነገረን ይበቃናል።

በዚያ ሰሞን ያየሁት ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነበር። ታላቁ በሬውን ሸጦ ታናሹን ያስተምራል። ታናሹ ተምሮ ዳኛ ይሆንና በዚያው ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ታላቁ ባልሠራው ወንጀል ተከሶ ሲቀርብ ችሎት የተቀመጠው ያው ወንድሙ ነው። ዳኛው አይቶ እንዳላየ ሆነ። ታላቁም ወንድሜን በሰው ፊት አላዋርድም ብሎ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ተፈረደበት። ቪዲዮ ቤቱ በንፍጥ መሳብ ሞላ፤ እኔም ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌያለሁ። የእስር ቤቱ በር ሲዘጋ ጀነሬተሩ ሁለቴ አነቀውና ጠፋ። ናፍጣ አልቋል ተባለ። መጨረሻውን ሳናይ በጨለማ እየተደነቃቀፍን ወጣን።

ሳምንት ሳይሞላ ክትባት አልቆብን ለማምጣት ወደ አሰበ ተፈሪ መሄድ ነበረብኝ፤ የዛሬዋን ጭሮ ያኔ ብዙዎቻችን የምንጠራት እንደዚያ ነበር። በልጉ ጀምሮ ስለነበር አውቶቡስ ከመጣ ሰንብቷል። በዚያ ቀን ጃፈር የሚባል የቡና ጭነት ፊያት የሚነዳ ሾፌር፣ ረዳቱን ኢብሳን ወባ ጥሎት ደግፎ አመጣልን። ኢብሳን አልጋ ሰጥተን መድኃኒት ጀመርንለት። ጃፈር ይህን አይቶ ልቡ ሲያርፍ፣ "ሲስተር፣ አሰበ ተፈሪ ሂያጅ ነሽ አሉኝ። የኢብሳ ቦታ ባዶ ነው፣ ነይ ውጪ" አለኝ። ባዶውን የክትባት ሳጥን አቅፌ ጋቢና ገባሁ። ቦታው ከነሥራው እንደተሰጠኝ ያወቅኩት ኋላ ነው።

ረመዳን ነበር። በዚያ ዓመት ከሁዳዴ ጋር ስለተገናኘ እኔም ጿሚ ነኝ። ጃፈር አርባ ያልሞላው፣ ትከሻ ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። እስከ ገለምሶ በሰላም ሄድን። የጆንያና የእርጥብ ሸራ ሽታ፣ በመስኮት የሚገባ የዝናብ አየር፣ መንገድ ዳር እጃቸውን የሚያውለበልቡ ልጆች። ገለምሶን እንዳለፍን ጃፈር መንጋጋው እስኪንቋቋ አዛጋ።

"ሌሊት አልተኙም እንዴ ጋሽ ጃፈር?" አልኩት።

"የት እተኛለሁ? ቡና ስንጭን አድረን፣ ሊነጋጋ ሱሁሬን በልቼ ያንን ልጅ ተሸክሜ ወዳንቺ መጣሁ። በደህናው ቀን ጫት አለ፣ ቡና አለ። በጾም አፌ ባዶ ነው። የሚያነቃኝ ኢብሳ ነበር፤ እሱ ያወራል፣ እኔ እነዳለሁ። ዛሬ ኢብሳ አንቺ ነሽ።"

"ምን ላውራ?"

"ያሻሽን። ዝም እንዳትይ ብቻ። ዝም ካልሽ ዋላሂ ሁለታችንም አለቀልን።"

እየሳቀ ነበር ያለው። እኔም ሳቅሁ። በዴሳን አልፈን ወደ ኩኒ ስንወጣ ግን ጉሙ ከላይ ወረደብን፤ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ያኔ ሳቄ ቆመ። ጃፈር ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል፤ ጨፍኖ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ እየረዘመ መጣ። እባክዎ ቆመው ትንሽ ይተኙ አልኩት።

"በምን ልቁም? የእጅ ፍሬን የለውም። ዳገት ላይ ከቆምኩ ጎማ ሥር ታኮ የሚጥል ሰው ይፈልጋል። ሞተሩ ከጠፋም ያለ ገፊ አይነሳም።"

"ታኮውን እኔ እጥላለሁ!"

እጄን ገልመጥ አድርጎ አየው። "ከነጣትሽ ነው የሚረግጥሽ፣ አቦ። አውሪ።"

አወራሁ። ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ትምህርት ቤታችን አውርቼ ጨረስኩ። "እህ... እህ..." ይላል፤ እህታው እየቀጠነ ይሄዳል። አንዴ ቀና አለና፣ "ይሄ እርስዎ እርስዎ የምትይው ደግሞ እንደ እሹሩሩ ያስተኛል፤ አንተ በይኝ" አለ። ታላቅን አንተ ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ። በጭንቀቴ ፊልሙ ትዝ አለኝና ሰሞኑን ያየሁትን ልንገርዎ ብዬ ጀመርኩ።

"የወንድማማቾቹን? አየሽው? ሱብሃነላህ!" ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "እሱ ታላቅየው! ወንድም ማለት እሱ አይደል?"

"እውነትዎን ነው፣ አንጀት ይበላል" አልኩ። "ዝም ሲል አላስለቀሰሽም?" "አስለቅሶኛል።" "ትልቅ ሰው ነው።" "በጣም ትልቅ ሰው።" እንዲህ እየተስማማን ጥቂት እንደሄድን ዞር ብዬ ባየው አገጩ ደረቱ ላይ ነው። ከጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ በቀጥታ ወደኛ ይመጣል። የጮህኩት ጩኸት ለራሴ ጆሮ እንግዳ ነበር። ጃፈር መሪውን ጠመዘዘ፤ የጥዱ ቅርንጫፍ የኔን መስታወት ገርፎ አለፈ።

ከፍርሃቱ ሥር ግን አንድ ንዴት ተነሳብኝ፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ አንድ ሕፃን እንኳ ሳልወልድ፣ በማዛጋት ልሙት? እንዲያው አመለጠኝና "ሞኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ማን?"

"ታላቅየው! ጅል ነው። ለምን ዝም ይላል? ወንድሜ ነህ አይለውም? እንደዛ ያለ ደካማ ሰው አይቼ አላውቅም። ፊልሙም የማይረባ ፊልም ነው!"

የጃፈር ዓይን ፈጠጠ። "ምን አልሽ አንቺ?" ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ እንቅልፉ በነነ። ያን ጊዜ መድኃኒቱን አገኘሁት። መስማማት ያስተኛዋል፣ ጭቅጭቅ ያነቃዋል። ከዚያ ወዲያ ያልሰደብኩት የለም። ታላቁን፣ ዳኛውን፣ ዘፈኑን፣ ምስኪን በሬውን ሳይቀር ሰደብኩ። እሱ መሪውን በጥፊ እየመታ ይመልስልኛል። ሳላስበውም አንተ አልኩት፤ ማን ልብ ብሎት!

"መጨረሻውን ስላላየሽ ነው!" አለ። "ዳኛው ካባውን አውልቆ እስር ቤት ይመጣል። እግሩ ላይ ይወድቃል። አቅፎ ያወጣዋል።"

"አየኸው?"

"በዓይኔ በብረቱ!"

"አላምንም። አንዴ የካደ አይመለስም።"

ጃፈር መሪውን መምታቱን ተወ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም አዲስ አበባ የሚማር ወንድም አለኝ። በዚህች መኪና ነው የማስተምረው። ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው። ትምህርት ከብዶት ነው" አለኝ።

አርበረከቴን አልፈን ቁልቁለቱን ጀምረናል፤ ገደሉ በኔ በኩል ነው። ጉሙ እንደ ጥጥ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። እሱ ሐሳብ ወስዶታል ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ሐሳብ አልነበረም የወሰደው።

መጀመሪያ የሰማሁት የጎማውን ድምፅ ነው። ጠጠር ላይ ወጣን። ቀጥሎ በኔ በኩል ካለው በር ሥር ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ መድረሻውን ግን አልሰማሁም። "ጃፈር!" አልኩ። "እም" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ክንዱን ይዤ ነቀነቅሁት፤ እንደ ቡና ጆንያ ይከብዳል። እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣ ይረግጣል። እናቴን አልጠራሁም፣ ማርያምንም አልጠራሁም። ጆሮው ሥር ገብቼ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ፣

"አይመጣም! ወንድምህ አይመጣም! ዳኛ ሆኖ አያውቅህም!" አልኩት።

ዓይኑ ተገለጠ። መሪውን ወደ ግራ ሰበረው፤ መኪናው ከነጭነቱ አቃስቶ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ግን ፊቱ ላይ አልነበረም፤ መንጋጋውን ነክሶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ ቸክሎ ቁልቁል ያያል። ያን ጊዜ ከገደሉ ይልቅ እሱን መፍራት ጀመርኩ። አውርዶ ጉም ውስጥ ቢጥለኝ? አንድ ነገር ቢያደርገኝ? ሳጥኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ስንቴ ይቅርታ ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ይቅርታ ካልኩት ንዴቱ ይበርዳል፤ ንዴቱ ከበረደ ይተኛል። ስለዚህ እየፈራሁትም እንደተቀየመ ተውኩት እንጂ አላባበልኩትም። ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡኝ ያንኑ እለዋለሁ።

ጉሙ ሲገለጥ አሰበ ተፈሪ ከታች ታየች፤ አዛኑም ተሰማ። ሜዳው ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ። ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቴምር አወጣና ቢስሚላሂ ብሎ ጾሙን አፈጠረ፤ አንዱን ለኔ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት።

"አፍሽ ሚጥሚጣ ነው" አለኝ። "ግን ነቃሁ። አልሐምዱሊላህ።" ቴምሩን አኝኮ ፍሬውን ተፋ። "ይመጣል ግን። አይቻለሁ አልኩሽ እኮ።"

ይህን ብሎ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። መውረድ እችል ነበር፤ አልወረድኩም። ቴምሩን እንደጨበጥኩ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ክትባቱን ይዤ በሌላ መኪና መቻራ ስመለስ ኢብሳ ትኩሳቱ ለቆት አጥሚት ይጠጣል። የደረሰብንን ነገርኩት። የፊልሙን መጨረሻ ስነግረው ኩባያውን አስቀመጠ።

"አይቻለሁ አለሽ? የት አይቶ? አንቺ ያየሽ ቀን እኛም እዚያው ነበርን፣ ኋላ ወንበር። ናፍጣ ሲያልቅ ጃፈር የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት አንቆ ከስንት ልመና ነው ያስለቀቅነው! ከዚያ ወዲህ ከመኪና ወርደን አናውቅም።"

ጃፈር ከዚያ በኋላ በጤና ጣቢያው ደጅ ባለፈ ቁጥር ጥሩንባ ነፍቶልኝ ያልፍ ነበር። ስለ ወንድሙ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ዓመት ሳይሞላ ወደ ጭሮ ተዛወርኩ፤ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ለልጆቹ በረንዳው ላይ ነገርኳቸው። አስተማሪው ከዚያ በኋላ ፊልም አስተኛኝ አላለም። ሰላም ግን ስልኳን አንስታለች።

"ስሙ ማን ነበር እማ? የድሮው ሁሉ አሁን አለ፣ መጨረሻውን አብረን እናየዋለን።"

"ረሳሁት" አልኳት።

አልረሳሁትም። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ስሙ አሁንም ዓይኔ ፊት አለ። ጭሮ ከመጣሁ ወዲህ እንኳ እዚህ ቪዲዮ ቤት ሲታይ ሁለት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ፤ አልገባሁም። መጨረሻው እንደ ጃፈር አባባል ካልሆነ፣ እንደ እኔ ጩኸት ነው ማለት ነው። ያን ማየት እፈራለሁ፤ ከገደሉ በላይ እፈራለሁ።

"ቆይ፣ ለመሆኑ ጥሩ ፊልም ነበር?" አለችኝ ሰላም።

"አያስተኛም" አልኳትና ፓፓዬውን ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ።