ደመኛው መሰላሉን ሲወጣ

ሙንተሲር ቆቦ ውስጥ ጣሪያ አልባሽ ነው። ሜዳውን ጣሪያ ማንም ይመታዋል፤ እሱን የሚፈልጉት ሁለት ክንፎች ለሚገናኙበት ቦታ ነው። ወደ ውጭ የሾለውን ማዕዘን በክዳን መሸፈን፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደውን ደግሞ ውሃ መውረጃ ቆርቆሮ አንጥፎ ግራ ቀኙን በልክ እየቆረጡ ማጋጠም የሱ ሥራ ነበር። አሁን አሁን የመጣው፣ የሸክላ ክዳን መስሎ የተቀረጸው ስስ ቆርቆሮ ለዓይን ያምራል፤ የተቆረጠ ጠርዙ ግን ምላጭ ነው። የሙንተሲር መዳፍ በሙሉ ጠባሳ ነው።

የደም ዕዳው የሱ አልነበረም። የገደለው ታላቅ ወንድሙ ኡበይድ ነው። በክረምት፣ ከሆርማት ወንዝ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠልፉ ከጎረቤታቸው ከአሊ ጋር ተጣላ። አሊ አካፋ አነሳ፤ ኡበይድ ተኮሰ። አሊ ጎርፉ ውስጥ ወድቆ ሬሳው ከሰው ማሳ ላይ ተለቀመ። ኡበይድ በዚያው ወደ አፋር ወርዶ ጠፋ። የአሊ ታናሽ ወንድም በድረዲን ገዳዩን ፈልጎ ሲያጣ፣ ወንድሙም ቢሆን ይበቃኛል ብሎ ለሰው ተናገረ። ወሬው ሙንተሲር ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም።

ሚስቱ ፈሪሀ ወደ ደሴ እንሂድ ብላ ለመነችው። ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ከየትም ይታያል አለችው። እሱም ለጥቂት ሳምንታት ቤት ተቀመጠ። ክዳን ከድስት ላይ ሲወድቅ እየበረገገ፣ ሞተር በበሩ ባለፈ ቁጥር ግድግዳ እየተጠጋ ከረመ። መጨረሻ ላይ በፍርሃት ከምሞት በጥይት ልሙት ብሎ መቀሱንና መዶሻውን አንስቶ ወጣ።

የወጣው ከቆቦ አቅራቢያ ወዳለችው ሮቢት ነው። እትዬ ዘነበች የምትባል እህል ነጋዴ የምታሠራው ቤት በአንድ ጎኑ ክንፍ የወጣለት ስለነበር ጣሪያው ላይ ስርጉድ ነበረው። ሙንተሲር እዚያ ላይ አጎንብሶ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ያጋጥማል። አብሮት የሚሠራው ዮናስ ከታች ቆርቆሮ ይቆርጣል። ፀሐይ ገና አልከረረችም።

ተኩሱን ከመስማቱ በፊት ጭኑን በመዶሻ የመቱት መሰለው። ተንሸራተተ። ለመያዝ ሲሞክር ያልታጠፈው ጠርዝ መዳፉን ሰነጠቀው፤ ተንሸራቶ ስርጉዱ ውስጥ ተሰነቀረ። ሁለተኛው ጥይት ከራሱ በላይ ያለውን ክዳን በሳው። ሦስተኛው ፊቱ ላይ የቆርቆሮ ፍንካች በተነበት። ዮናስ የብሎኬት ክምር ኋላ ገባ። ደሙ በዚያ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ፣ ውሃ ሊወርድበት በተሠራው መንገድ እየተንዠቀዠቀ ወረደ።

በድረዲን ከመንገዱ ዳር ሆኖ ሊያየው ስላልቻለ ክላሹን አንግቶ መሰላሉን ያዘ።

«ውረድ ሙንተሲር» አለው እየወጣ። «እንደ ወንድምህ አትደበቅ።»

 ሙንተሲር በደረቱ ተስቦ የጣሪያው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ የበድረዲን ጥምጥም ብቅ ሲል በደህናው እግሩ መሰላሉን ገፋው። መሰላሉ ቆም አለ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። በድረዲን የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ክምር ላይ በጀርባው ወደቀ፤ መሣሪያው ከትከሻው ወልቆ አሸዋ ውስጥ ገባ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሙንተሲር ግን ከጣሪያው ጫፍ ራሱን አሸዋው ክምር ላይ ጣለ። እየዳኸ መሣሪያውን አነሳ፣ አፈሙዙን ደመኛው ግንባር ላይ አድርጎ ቃታውን ሳበ። አልተኮሰም። ደግሞ ሳበ። ከዚያ በአፈሙዙ በኩል ይዞ በሰደፉ ይመታው ጀመር። ጥርሱ ረገፈ፣ የግራ ዓይኑ ጠፋ። ዮናስ ሊይዘው ቢመጣ በክርኑ አፍንጫውን ብሎ ጣለው። እትዬ ዘነበች እዚያው ግቢ ካለው አሮጌ ቤቷ ወጥታ፣ ለገላጋይነት ነጠላዋን በመሐል ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ አጥታ፣ በድረዲን ላይ ወደቀችበት። የወረደው ሰደፍ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሙንተሲር ሰማው።

ሴትየዋ አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችውና፣

«በቃህ ልጄ? ወይስ ገና ነህ?» አለችው።

መሣሪያው ከእጁ ወደቀ።

ሙንተሲር፣ በድረዲንና እትዬ ዘነበች በአንድ አይሱዙ ላይ፣ በማሽላ ጆንያ ተደግፈው ቆቦ ሆስፒታል ገቡ። ዮናስ አፍንጫውን በጨርቅ ይዞ መሐላቸው ተቀመጠ። 

ጉዳዩን የያዙት ዘወልዶች፣ የራያ የደም አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱን ወገን አስቀምጠው አስማሉ። ሙንተሲር ሰው ስለማረ ሊያመሰግኑት እንደሆነ ገባው፤ አንዱ ሽማግሌ ሊገድል ሲችል ትቶታል ማለት ጀምረው ነበር። አቋረጣቸው።

«ቃታውን ስቤያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ያልሞተው መሣሪያው ስለከሸፈ ነው» አለ።

 በድረዲን ዓይኑ እንደታሰረ፣ በተሰባበረ አፉ፣

«እኔም ያለምኩት ጭንቅላትህን ነበር» አለው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለ። የአሊን የደም ካሳ የሙንተሲር ዘመድ ሁሉ ተካፍሎ ከፈለ፤ ሁለቱም አውፍ ብለው ይቅር ተባባሉ፣ የማሳረጊያው ፋቲሓ ተቀራ። እትዬ ዘነበች ምን ትካሺ ስትባል፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያዬን ጨርሱልኝ ብቻ አለች። ሙንተሲር ክራንቹን ተደግፎ ከታች እየለካ ቆረጠ፣ ዮናስ ወጥቶ መታ። ጥይት የበሳቸውን ክዳኖች አንስተው በአዲስ ተኩ። የሴትየዋ ክንድ ግን ተጣሞ ነው የገጠመው፤ ጆንያ ማንሳት አትችልም። ሙንተሲር ባያት ቁጥር ያቀረቅራል።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። መሬት ላይ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፤ ሌሎች ይመታሉ። ጎብዬ ገበያ ከበድረዲን ጋር ሲገናኙ አሰላሙ ዓለይኩም ይባባላሉ፤ ሻይ ግን አብረው አይጠጡም። ኡበይድ አልተመለሰም። ከአፋር ጨው የሚያመጡ ሰዎች በሕይወት እንዳለ ነገሩት፤ ሊመጣ ያስባልም አሉት። ሙንተሲር የያዘውን ቆርቆሮ አጥፎ ጨረሰ። ከዚያም፣ ለወንድሜ በሬን እንደማልከፍት ንገሩልኝ አላቸው።