የሱሉልታው ሽማግሌ ሳቅ

በስልካችን ያነሳነውን ፎቶ የምንለዋወጥበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሱሉልታ ገበያ አንድ ሽማግሌ ሲስቁ አንስቼ ለጠፍኩ።

«ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ! አሳጥበህ ስጣቸው እንጂ» አሉኝ የግሩፑ ሰዎች።

አሳጥቤ በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ፤ ሰውዬውን ግን ከየት ላምጣ? አገናኘኝ ብዬ ጸለይኩ።

አንድ ቀን ሰበታ ታክሲ ስጠብቅ አየኋቸው። ጌታ ይመስገን! ሮጬ «አባባ፣ ፎቶዎት ይኸው» ብዬ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉኝ። «መንትያዬ ነው። በመሬት ተጣልተን ከተዘጋጋን ስንት ዘመናችን!»

ክው አልኩ። የማይነካ ነካሁ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ ፎቶውን ደረት ኪሳቸው ከተቱና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«በል እኔንም አንሳኝ፤ ስስቅ። ለእሱ ትወስድልኛለህ።»