«እስከ ሃያ ቁጠሪ»

በመተማው የጣሊያን ሐኪም ቤት ቁስል ማጠብ ከሚማሩት መካከል የሸበተው እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ሐሩር እንኳ ሻሹን ከአንገቱ አይፈታም፤ ሲያጎነብስ ግን የተላጠ ቆዳው ብቅ ይላል። እግሯን ልትታከም የምትመላለሰው የሻረግ ያን ቆዳ ታውቀዋለች፤ ከማይጨው የተመለሰ ባሏንም የመርዝ ጢስ እንዲሁ ልጦት ነበር።

አዮዲኑን መጀመሪያ የገዛ ክንዱን ጭሮ ጠብ ያደርግበታል።

«አያ ሽማግሌ፣ ለራስህ ጨረስኸው እኮ!» ይሳለቃሉ ጎረምሶቹ።

«ስንት እስኪቆጠር እንደሚያቃጥል ካላወቅሁ በሽተኞቹን ምን ብዬ ላጽናናቸው?»

የሻረግንም የቆሰለ እግሯን ይዞ፣ «እስከ ሃያ ቁጠሪ እህቴ፤ ከዚያ ይለቅሻል» አላት። እውነትም ለቀቃት።

ዛሬ ጣሊያኑ ሐኪም «ቀርፋፋ» ብሎ አባረረው። በሽተኛ ሲጮህ የሚስቀው ጎረምሳ ግን ነጭ የሐኪም ልብስ ለብሶ መጣላት። ይህም ትምህርት ተባለ!

እግሯን ሰበሰበች። «አትነካኝም! ያን ሰው ፈልጌ አገኘዋለሁ። ስሙ ማን ነው?»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ሦስት ወር አብረውት ተምረው፣ አንዱም ስሙን አያውቅም።