ሰነፍ ነው ያልኩት ልጅ

ልጄ በቀኝ እጁ ይበላል፣ በግራ እጁ ይወረውራል። የቀኙን በቁጣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በግራው የሚጎርስ ልጅ እኔ ቤት አይኖርም ብዬ። የግራውን ከማን እንደተማረ አላውቅም። እኔ ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ፣ እሱ ትምህርት ቤት ቤዝቦል ሲጫወት አደገ።

ቤዝቦል እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ብዙ ይቆማሉ፣ ትንሽ ይሮጣሉ፣ በመሃል ያኝካሉ። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፤ ኳሱን የሚወረውረው፣ ፒቸር የሚሉት ሰው ካልሠራ ጨዋታ የለም። ልጄ ፒቸር ነው። በግራ የሚወረውር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም አሉ። እኔ ላስተወው የታገልኩት እጅ ተፈላጊ ሆኖ አረፈው።

ባለፈው ፀደይ፣ ሃይስኩል ሊጨርስ ሲል፣ ስካውት መጣ። ስካውት ለትልልቆቹ ክለቦች ልጅ የሚመለምል ሰው ነው። ከአጥሩ ጀርባ ይቀመጣል፣ የኳስ ፍጥነት መለኪያውን ይደግናል፣ ዝም ይላል። ይሄኛው ሸምገል ያለ፣ አንገቱ በፀሐይ የተጠበሰ ነጭ ነው። ሜዳ ላይ አይቶት ሲያበቃ ወላጆቹን ላናግር አለ። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን እንደሚያየው፣ እነሱም ልጁ የወጣበትን ቤት ያያሉ።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን ድረስ መጣ። ጾም ስለነበር ሚስቴ ምስርና ሽሮ ሠራች፤ ሰውየው ጣቱን እየላሰ በላ። እኔ ያለኝ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፣ ለቁም ነገር አይበቃኝም። ስለዚህ ልጄ መሃላችን ተቀምጦ ያስተረጉም ጀመር። ስለ ራሱ። ነገሩ ከዚያው ነው የተበላሸው።

ሰውየው አፉን ጠረገና ልጄን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። "እንዲህ ያለ ክንድ ካየሁ ስንት ዘመኔ" አለ። ዓይኑን አልነቀለም። እንትፍ እንትፍ አላለም፣ እግዜር ይጠብቀው አላለም። እንዲሁ በደረቁ። እኛ ዘንድ ሰው ልጅህን እንዲህ ሲያወድስ ዝም አትልም፤ ዓይን ሳያርፍበት ታጣጥለዋለህ። "አይ፣ ምን አለው" ትላለህ፤ ያኛው "ኧረ ተው" ይልሃል፤ ሁለታችሁም እውነቱን ታውቁታላችሁ። አባቴ ስለ እኔ ከዚህ የባሰ ሲናገር ነው የኖረው።

"ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ ይለማመዳል?" ሲል ጠየቀኝ።

"ይሄ?" አልኩ። "ይሄ ሰነፍ ነው። ከአልጋው የምናስነሳው በግድ ነው።"

ልጄ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ እንዳለ ተረጎመው። ማለስለስ ይችል ነበር። አላለሰለሰም። የሰው ቃል አታጣምም እያልኩ ያሳደግኩት እኔው ነኝ።

ሰውየው "ኧረ ተው" ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን አውጥቶ ጻፈ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ አውሮራ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ። ስናገር የሚጽፍ ሰው ያስፈራኛል። ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጭራሽ ጨመርኩበት።

"ክንዱስ? አሞት ያውቃል?" አለኝ ሰውየው።

"አልፎ አልፎ ያመዋል" አልኩ። ውሸት ነው። አሞት አያውቅም። አፌን ሞልቼ ጤነኛ ነው ብል በማግስቱ የሚሰበር መሰለኝ።

ልጄ እዚህ ላይ ቆመ። "ዳድ፣ ሲሪየስሊ?"

"ያልኩህን ንገረው።"

ነገረው። "ግን አያመኝም" ብሎ ከራሱ ጨመረ። ስካውቱ ራሱን ነቀነቀ። ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ ብዙ አይቷል መሰለኝ፣ ያመነው እኔን ነው።

ሚስቴ ምግብ ቋጥራ ሸኘችው። በሩ እንደተዘጋ ዞረችብኝ።

"ደስ አለህ?"

"ምን አጠፋሁ? ዓይን እንዳይበላው ብዬ ነው።"

"ዓይንስ አልበላውም። አንተ በላኸው።"

ልጄ ሳህኖቹን እያነሳ "ኢትስ ኦኬይ" አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጠዋት ለሺፍት ስነሳ ከጋራዡ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሸራ ሰቅሎ ኳስ ይወረውርበታል። ሁልጊዜ የሚነሳው ከእኔ ቀድሞ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቀስቅሼው አላውቅም። ቦታ እንዳይጠበው ብዬ ክረምቱን ሙሉ መኪናዬን ውጭ፣ በረዶው ላይ ፓርክ የማደርግ ሰው ነኝ። ይሄንን ለስካውቱ ብነግረው ምን ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጠፋ። የልጄ አሠልጣኝ፣ ኮቹ፣ ክለቡ ደውሎ ሲጠይቅ፣ ስለ ክንዱ የሰማነው ነገር አለ ብለውታል። ትምህርት ሊዘጋ ሲል አውሮራ ሜዳ ላይ አገኘሁት፤ የመጣው ከልጄ ቡድን ጋር የሚጫወተውን የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ሊያይ ነው። አጥሩ ጋ ሄጄ፣ በራሴ እንግሊዝኛ እየተኮላተፍኩ፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም አልኩት። ክንዱ ጤነኛ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የራሱን ልጅ በእንግዳ ፊት አያወድስም፣ ለዚያ ነው።

ክፉ ሰው አይደለም፣ አዳመጠኝ። "ጌታዬ" አለኝ፣ "ሁሉም አባት ልጄ ጎበዝ ነው ይለኛል፤ አልሰማቸውም። የልጁን ጉድለት የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ አመንኩዎት።"

"አሁንስ?"

"አሁን እንደ ሌሎቹ አባቶች ሆኑ።" መለኪያውን አንስቶ ወደ ሜዳው ዞረ።

ልጄ ከሜዳው ሆኖ አይቶናል። መኪና ውስጥ እንደገባን "ምን አልከው?" አለኝ።

"ጎበዝ ነው አልኩት።"

"ማን?"

"አንተ ነሃ። ማን ይሆናል?"

ከጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። "ለሱ ነገርከው" አለ ቆይቶ። "ለኔ ግን ኔቨር ብለኸኝ አታውቅም።"

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ፊቱን እያየሁ ጎበዝ ነህ ብለው፣ የሚበላው ዓይን የኔው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ምናልባት ይሄም ሰበብ ነው፤ ከአባቴ አፍ ሰምቼው ስለማላውቅ አልወጣልኝም።

"ቀበቶህን እሰር" አልኩት።

ሰመር ላይ ክለቦቹ ልጆች ሲመርጡ ሦስታችን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስሙ አልተጠራም። አንዳንዴ ስካውቱን ልወቅስ እሞክራለሁ፤ በዓይኑ ያየውን ክንድ ትቶ የሰማውን ወሬ ያዘ እላለሁ። ከዚያ ወሬው የማን እንደሆነ ትዝ ይለኛል።

ልጄ አሁን እየሠራ ኮሌጅ ይማራል። ቤዝቦሉን ለጊዜው ይሁን ለዘለዓለም እንደተወው አልጠየቅኩትም። ጠዋት ስነሳ ጋራዡ ጸጥ ብሏል፣ ሸራው ግን እንደተሰቀለ ነው። ሚስቴ "በረዶ ጀመረ እኮ፣ መኪናውን አስገባው እንጂ" ትለኛለች። አስገባዋለሁ እላታለሁ። ሳይነጋ ወጥቼ የመስታወቱን በረዶ እፍቃለሁ።