ከፈዩን ማን ገጠመው

ዳሳሿ ይሏታል፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ሰዓት ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። ስክሪን ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ስታሽ ኖራለች። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት «መስታወት አሻለሁ» ትላለች፤ ሰውም ጽዳት ሠራተኛ ትመስለዋለች። እሷ ደግሞ ማንን ልታስረዳ ትደክማለች!

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ስክሪን ማለት ሁለት መስታወት ነው፤ መካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል የሚሉት ነገር አለ። ይኼ ፈሳሽ ካላስተኙት በወጉ የማይተኛ ግራ የገባው ፍጥረት ነው። ስለዚህ መስታወቱ ስስ ቅብ ይቀባና ከፈይ በተጠቀለለበት ሮለር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታሻል። ዓይን የማያየው መስመር ይወጣበታል፣ ፈሳሹም መስመሩን ይዞ ጋደም ይላል። ታዲያ ከፈይ ጠጉር አለው። ጠጉሩ በግልባጭ ተገጥሞ ቢታሽ መስታወቱ ለጊዜው ሰላም ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ስክሪኑ ተገጣጥሞ ሲበራ ነው። ዳሳሿ ዓይኗን ጨፍና ጨርቁን በመዳፏ አንዴ ዳሰስ ታደርግና «በዚህ በኩል» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

ታናሽ እህቷን፣ ባሏ ሁለት ልጅ ጥሎባት ሲሄድ፣ አለቃውን ደጅ ጠንታ ያስቀጠረቻት እሷው ናት።

አንድ ጠዋት የእህትየው ትንሹ ልጅ በትኩሳት ነደደ ተብሎ ከጎረቤት ተደወለ። እህትየው የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ ፈቃድ ብትጠይቅ በዚያው መቅረቷ ነው። «አንቺ አርፈሽ ሥሪ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለቻት ዳሳሿ። «ከሰዓት ከፈይ ይቀየራል። እስክመጣ እንዳትነኪው፣ አላውቅም በያቸው።» ለአለቃው ራሴን አመመኝ ብላ ዋሸችና ልጁን አዝላ ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ ዋለች። እህትየው ግን አላውቅም ማለት ሞት መሰላት። ገጠመችው፤ ያውም በግልባጩ።

በሳምንቱ ስክሪኖቹ ሲበሩ ጉድ ፈላ። ጥቁር መሆን ያለበት ሁሉ ዝንጉርጉር ሆኖ አረፈው። አለቃው ሁለቱን ቢሮ አስጠራ።

«ከፈዩን ማን ገጠመው?»

ዳሳሿ ወደ እህቷ ዞረች። ትናገራለች ብላ ነው፤ እንዲያውም ከጎኗ ሆና «አዲስ ናት፣ ይማሯት» ለማለት አፏን አዘጋጅታ ነበር።

«እሷ ናት» አለች እህትየው ዓይኗን በጨው አጥባ። «ጠዋት አስቀድማ ገጥማው ነው የሄደችው። ያን ቀን አሟት ነበር።»

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼኔ ነው። ዳሳሿ የተሸከመችውን ልጅ፣ የዋሸችውን ውሸት፣ ሁሉንም እዚያው መዘርገፍ ትችል ነበር። ግን ከዘረገፈችው እህቷ ዛሬውኑ ጎዳና ላይ ናት፤ ልጆቹም አብረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳስታ የማታውቅ ሴት ተሳሳትኩ ልትል ነው። ከሥራው ይልቅ ያበገናት ይኼ ነው።

«እሷ ካለች እንደዚያው ነው» አለች።

አለቃው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም፤ ስንብቱን ጻፈ።

እህትየው እየሮጠች ዋናው በር ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ልጆች አሉኝ እኮ።»

ዳሳሿ መታወቂያዋን ለዘበኛው አስረከበች።

«እኔም እህት ነበረችኝ» አለችና ወጣች።